የመንገድ ጓደኛ ዕዳ

የቀድሞ ሰው ተራራ የሚወጣውና በረሃ የሚያቋርጠው ግድ ሆኖበት ነበር። የሲራራ ነጋዴው ትርፍ ሽቶ፣ እረኛው የጠፋ ከብቱን ፈልጎ፣ መነኵሴው ጸጥታን ናፍቆ ይሄድ ነበር እንጂ፣ ብርድና ጥም ምን እንደሚመስሉ ለመቅመስ ብሎ ከሞቀ ቤቱ የሚወጣ ሰው ቢገኝ ጎረቤቶቹ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ብለው በሣቁበት ነበር። በዛሬው ዘመን ግን ገንዘቡን አጠራቅሞ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ጠይቆ፣ ከሐኪምና ከመኪና መንገድ ወደ ራቀ ስፍራ ወዶ የሚሄድ ሰው በየአገሩ በዝቷል። እኛ በጠረጴዛና በመዝገብ መካከል የምንውል ሰዎች ይህን ፍላጎት ለመንቀፍ አንቸኵልም፤ ሰው የጕልበቱንና የልቡን ልክ ለማወቅ መሻቱ ነውር አይደለምና። የምንመረምረው ሌላ ነገር ነው። ይኸውም፣ ወዶ ወደ አደጋ የሚሄድ ሰው አብሮት ለሚሄደው ሰው ሕይወት ምን ያህል ተጠያቂ ነው? የሚል ነው።

ለእንዲህ ያሉ መንገደኞች የሚሰጥ ልዩ የሕክምና ትምህርት አለ። በአሜሪካ አገር በዚህ ሙያ የተሰማሩ ሐኪሞች በ1983 ማኅበር አቋቁመዋል (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ሐኪም ላልሆኑ ሰዎች ከተዘጋጁት ትምህርቶች በሰፊው የታወቀው ከ70 እስከ 80 ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ በዐሥር ቀን ገደማም ይፈጸማል። በከተማ ከሚሰጠው የመጀመሪያ ርዳታ ትምህርት የሚለየው ይልቁንም በጊዜ ነው። የከተማው ሰው የቈሰለውን ደግፎ የሚቈየው አምቡላንስ እስኪደርስ ነው፤ በተራራ ላይ ያለው ግን ሌሊቱን ሙሉ፣ አንዳንድ ጊዜም ሁለትና ሦስት ቀን ከበሽተኛው ጋራ ይቀራል። ስለዚህ ደም ማቆምን፣ የተሰበረ እግርን በተገኘው በትርና ጨርቅ መደገፍን (ለወጌሾቻችን ይህ አዲስ ነገር አይደለም)፣ ከእንጨትና ከልብስ ቃሬዛ መሥራትን ብቻ ሳይሆን፣ በሽተኛውን ማገላበጥን፣ ማሞቅን፣ ለሽንት ሲነሣ መደገፍን፣ ትንፋሹንና የልቡን ትርታ በየጊዜው ቈጥሮ መጻፍንም ይማራል።

የትምህርቱ መጀመሪያ የሚያስገርም ነው። ወደ ወደቀው ሰው ከመሮጥህ በፊት ቁም፤ እርሱን የጣለው ነገር አንተንም እንዳይጥልህ ዙሪያህን ተመልከት ይላል። ላይ ላዩን ሲያዩት የራስ ወዳድ ምክር ይመስላል። ዳሩ ግን ረዳቱ ከወደቀ በሽተኛው ሁለት ይሆናል እንጂ የሚረዳ ሰው አይገኝም። ራስን መጠበቅ ለሌላው ሲባል የሚፈጸም ግዴታ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘንም።

በዐሥር ቀን የተማረ ሰው ሐኪም የሆነ መስሎት እንዳይዳፈር የሚፈሩ አሉ፤ ፍርሃታቸውም ከንቱ አይደለም። ይሁን እንጂ ትምህርቱ በደንብ ሲሰጥ የሚያስተምረው ማድረግን ብቻ አይደለም፤ መተውንም ነው። እባብ የነደፈውን ሰው ቍስሉን በምላጭ መብጣት፣ መርዙን በአፍ መምጠጥ፣ እግሩን በገመድ አጥብቆ ማሰር በብዙ አገር የቈየ ልማድ ነው፤ የዛሬ ሐኪሞች ግን ሦስቱንም ይከለክላሉ። የተነደፈውን አካል እንዳይንቀሳቀስ አድርጎ ሰውየውን ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ይበቃል። ምንም ያልተማረው ሰው በቅን ልቡ ምላጭ ሲያነሣ፣ ጥቂት የተማረው እጁን ይሰበስባል። እጅን መሰብሰብም ዕውቀት ነው።

ጥቂት ዕውቀት ምን ያህል እንደሚጠቅም ደግሞ በ1961 በአንታርክቲካ የሆነው ያስረዳል። ሌኦኒድ ሮጎዞቭ የተባለ የ27 ዓመት ሐኪም ኖቮላዛሬቭስካያ በተባለው የሶቪየት የምርምር ጣቢያ ሳለ ትርፍ አንጀቱን ታመመ። በጣቢያው ሌላ ሐኪም አልነበረም፤ ከበረዶው ነፋስ የተነሣ አውሮፕላን ሊመጣ አልቻለም። ስለዚህ ሚያዝያ 30 ሌሊት ማደንዘዣ ወግቶ የገዛ ሆዱን ቀደደና ትርፍ አንጀቱን አወጣ። ዓለም የሚያደንቀው የሐኪሙን ጀግንነት ነው፤ ይገባዋልም። እኛ ግን ዐይናችን የሚያርፈው በአጠገቡ በቆሙት ሰዎች ላይ ነው። አንዱ የአየር ጠባይ መርማሪ ነበር፤ ሌላው መኪና ነጂ። ሐኪሙ አስቀድሞ የየራሳቸውን ተግባር አስተማራቸው፤ ኅሊናውን ቢስት የትኛውን መድኀኒት እንደሚወጉትና እንዴት እንደሚያስተነፍሱት አሳያቸው። አንዱ መሣሪያ ሲያቀብል ሌላው መስተዋት ያዘ፤ ሥራው ወደ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ወሰደ፤ ሐኪሙም ድኖ በሁለት ሳምንት ገደማ ወደ ሥራው ተመለሰ። የእነዚያ ሰዎች የሕክምና ትምህርት ከአንድ ቀን አይበልጥም ነበር፤ ሆኖም እጃቸው እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ከቦታቸው አልሸሹም።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ስለ ማወቅ ነው። ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው ከማወቅ በኋላ ነው፤ ለዚህም የከፍታ ሕመምን የሚያህል ምሳሌ የለም። ከቈላ የመጣ ሰው ከ2,500 ሜትር በላይ በፍጥነት ሲወጣ ራሱን ሊያመው፣ ሊያቅለሸልሸው ይችላል። ሕመሙ ሲብስ ሳንባው ወይም አንጐሉ ውሃ ይቋጥራል፤ ተቀምጦም ትንፋሽ ያጥረዋል፣ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ምርመራው ለሕፃን እንኳ አይከብድም፤ በሽተኛው ተረከዙን ከሌላው እግሩ ጣት ጋራ እያገጣጠመ በቀጥታ መስመር እንዲሄድ ይታዘዛል፤ ካቃተው ነገሩ ታወቀ። ፈውሱም የተገለጠ ነው፤ ሳይዘገዩ መውረድ። ኦክሲጅንና ክኒን ያግዛሉ እንጂ መውረድን አይተኩም።

እንግዲህ ምልክቱ ይህን ያህል የታወቀ፣ መድኀኒቱም ይህን ያህል ቀላል ከሆነ፣ ሰው በዚህ ሕመም ስለ ምን ይሞታል? መውረድ ማለት የተመኙትን የተራራ ጫፍ መተው ስለ ሆነ ነው። በጎውን ያወቀ ሁሉ በጎውን ያደርጋል የሚሉ ፈላስፎች እዚህ ላይ መልስ የሚያጥራቸው ይመስለናል።

በ2006 በግንቦት ወር በኤቨረስት ተራራ የሆነውን እንመልከት። ዴቪድ ሻርፕ የተባለ እንግሊዛዊ ከ8,000 ሜትር በላይ በብርድ ደርቆ ተገኘ። ወደ 40 የሚጠጉ ሰዎች በአጠገቡ እንዳለፉ በዚያን ጊዜ ተነግሯል፤ ጥቂቶቹ ሊረዱት ሞክረዋል፤ እርሱ ግን እዚያው ሞተ። ከዐሥር ቀን በኋላ ሊንከን ሆል የተባለ አውስትራሊያዊ ከጫፉ ሲወርድ በከፍታ ሕመም ወደቀ። ሞቷል ተብሎ ለቤተ ሰቡ ተነግሮ ሳለ፣ በማግስቱ ጧት ዳን ማዙር የተባለ መሪና ጓደኞቹ ቆብና ጓንት ሳይኖረው ተቀምጦ አገኙት። ጫፉ ቅርብ ነበር፤ አየሩም መልካም ነበር። እነርሱ ግን ወደ ላይ መሄዱን ትተው፣ ኦክሲጅንና መጠጥ ሰጥተው፣ የሚያወርዱት ሰዎች እስኪደርሱ ለሰዓታት አጠገቡ ቈዩ። ሆል ዳነ።

የሁለቱ ሰዎች ሁኔታ አንድ እንዳልነበረ መናገር ይገባል። ሆል መናገርና በኋላም እየተደገፈ መራመድ ይችል ነበር፤ ሻርፕ ግን መቆም አልቻለም። በዚያ ከፍታ አንድን ሰው ተሸክሞ ማውረድ የብዙ ብርቱ ሰዎች ሥራ ነው፤ ያለፉትም ሰዎች አንጐል በአየር እጥረት ደክሟል። ስለዚህ ከሞቀ ክፍል ሆነን በእያንዳንዳቸው ላይ አንፈርድም። የምንለው፣ ፍርዱ እዚያ ላይ እስኪደረስ መቈየት አልነበረበትም ነው። ብዙ ገንዘብ ከፍሎ፣ ለብዙ ወራት ተዘጋጅቶ፣ ጫፉን በዐይኑ እያየ ያለ ሰው ትክክለኛ ዳኛ አይሆንም። መመለሻው ሰዓት፣ የታመመን ሰው ማን ይዞ እንደሚወርድ፣ የማን ጕዞ እንደሚሰረዝ ከቤት ሳይወጣ መቈረጥ አለበት። ቃሬዛ መሥራትን ተምሮ ይህን ያልወሰነ ተጓዥ ትምህርቱን ከግማሹ አቋርጧል።

በሆል ታሪክ ውስጥ በጥቂቱ የሚነሡ ሰዎችም አሉ። ከመገኘቱ በፊት ራሳቸው እስኪደክሙ ለብዙ ሰዓት ሊያወርዱት የታገሉት፣ በኋላም ወጥተው ያወረዱት ደመወዝተኞቹ ሼርፓዎች ነበሩ። ተጓዡ ለደስታው፣ እነርሱ ለልጆቻቸው ጕርሻ ወጡ። የሕክምናው ዕዳ ለነማን ነው ሲባል፣ አብሮ ገንዘብ ላዋጣው ጓደኛ ብቻ ነው የሚል መልስ በአፍ ባይነገርም በሥራ ሲታይ ኖሯል። በሂማላያ ከዝቅተኛ ሸለቆ የመጡ ተሸካሚዎች «የተራራ ሰዎች ናቸውና ከፍታ አይነካቸውም» እየተባሉ፣ ሲታመሙም ብቻቸውን እየተሰደዱ የሞቱበት ጊዜ አለ።

ይህ ለእኛም የሩቅ ወሬ አይደለም። ከ4,500 ሜትር በላይ ወደሚነሣው ራስ ደጀን የሚሄድ እንግዳ መንገድ መሪ፣ ጠባቂና የበቅሎ ነጂ ቀጥሮ ነው። እንግዳው ወፍራም የመኝታ ከረጢቱ ውስጥ ሲተኛ፣ ነጂው ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት ጋቢውን ተከናንቦ ያድራል። የዚያ አገር ሰው ከፍታውን ለምዶታል፤ ብርድን፣ ስብራትንና የሳንባ ምችን ግን ማንም አይለምድም። ነጂው ቢታመም አይናገርም፤ ቢናገር የቀሩት ቀናት ዋጋ ይቀርበታልና። በዐሥር ቀን ትምህርት የበሽተኛን ትንፋሽ መቍጠር የተማረ ተጓዥ፣ ደመወዙን ፈርቶ ሳሉን የሚውጥ ሰው ከኋላው እየመጣ መሆኑን ካላወቀ ቍጥሩ ምን ይረባዋል? ስለዚህ የቅጥር ውል ሲጻፍ፣ ታሞ የሚመለስ ሠራተኛ የቀሩት ቀናት ደመወዝ እንዳይቈረጥበት፣ አንድ ጤነኛ ሰውም አብሮት እንዲወርድ፣ ትርፍ ብርድ ልብስና መድኀኒት ለእርሱም ታስቦ እንዲጫን በውሉ መግባት አለበት። ወጪው ይበዛል የሚል ተጓዥ ቢኖር፣ ጕዞውን በአንድ ቀን ቢያሳጥር ሒሳቡ ይካካስለታል።