የሐምሌ ክዳን

አንድ ደጋ ላይ ሣሩ ሰው የሚውጥ ተራራ ነበር። ዳኛው ሣሩ እንዳይታጨድ ብሎ ከሩቅ አገር ሦስት ነፍጠኛ ዘበኞች አቆመበት። ሣሩ ግን ሌሊት ሌሊት ይታጨዳል። ዳኛው መጥቶ ቢጠይቅ ዘበኞቹ «ኧረ ዝንብም አላለፈ!» አሉ።

ከተራራው ግርጌ ደጃፋቸው ላይ የበግ ጠጉር የሚፈትሉ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ዳኛው ውኃ ሊጠጣ ጎራ ቢል፣ እንዝርታቸውን ሳያቆሙ፣ «ያ ማዶ ያለው ጣራ ባለፈው ሳምንት ጥቁር ነበር» አሉት። ቀና ቢል ቢጫ ነው።

«ታዲያ እማማ፣ ምነው ዝም አሉ?»

«ሣሩም የእርስዎ፣ ዘበኛውም የእርስዎ፣ ጌታዬ። እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ዳኛው ዘበኞቹን አሰናበተ። ሣሩ የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ቀን፣ ቅጣቱንም ጭምር፣ መንደሩ እንዲቆርጥ ተወለት። በዓመቱ ሐምሌ ላይ አንድ አዲስ ክዳን ታየ፤ የባልቴቷ የወንድም ልጅ ቤት ነው። ለሸንጎው የተናገሩት ራሳቸው ናቸው። ሣሩ ከጣራው ወረደ፣ ዝናቡ ግን አላቆመም። ሚስቱና ሦስት ልጆቹ እዚያው ባልቴቷ ቤት፣ ከጥጆቹ አጠገብ ከረሙ። «አስቀጡ፣ ደግሞ አስጠጉ፤ ምን ማለት ነው?» ቢሏቸው፣ «ዘበኛ ቀጥቶ አገሩ ይገባል፤ እኔ የት እሄዳለሁ?» አሉ።

ይህን ሳስብ የመንዙ ጓሳ ይመጣብኛል። ከ3,200 ሜትር በላይ ባለው በዚያ ደጋ የሁለቱ አባቶች፣ የአስቦና የጌራ፣ ተወላጆች ቀሮ በሚባለው የጥበቃ ሥርዓት አለቃቸውን እየመረጡ፣ ጓሳውን አንዳንዴ ለዓመታት ዘግተው ያቆዩት ነበር። ሲከፈት ለክዳንና ለገመድ ይታጨዳል፤ ሲዘጋ ለቀይ ቀበሮውና ለጭላዳው ይቀራል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስቱን ሲሽር ቀሮም አብሮ ወደቀ። ሣሩ የሁሉም ሆነ ተባለ፤ የሁሉም የሆነውን ደግሞ ማን ይጠብቃል? ተራራው ሲራቆት ያየው የአካባቢው ሰው ነው ቆይቶ በኮሚቴ ተደራጅቶ እንደገና መዝጋትና መክፈት የጀመረው።

ቀሮን ግን እንዲያው አላሞግሰውም። ዘሩ ከሁለቱ አባቶች የማይመዘዝ ጭሰኛ ከዚያ ሣር ድርሻ አልነበረውም። እሱስ ሐምሌ ላይ አዲስ ክዳን ቢያይ፣ ምን ቆርጦት ይናገራል?