ጥርስ የሌላት ስሙኒ

መስቀል አደባባይን በእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን በኩል ይዤ ወደ ካዛንቺስ ሳቀና፣ መንገድ ዳር ጨርቁን ዘርግቶ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ወጣት አለ። የጨርቁ አራቱም ጫፍ በሲባጎ የታሰረ ነው፤ ደንብ አስከባሪዎች ብቅ ሲሉ ሲባጎውን ይስብና ሱቁን በትከሻው ተሸክሞ ይሄዳል። የአንገት መስቀል፣ የዛገ ቁልፍ፣ የጃንሆይ ዘመን ሳንቲም፣ አንዳንዴም ጠገራ ብር አይጠፋበትም። እኔ ደግሞ አሮጌ ሳንቲም መልቀም አመል ሆኖብኛል። ጽሑፍ ሸጬ የማገኘው ገንዘብ ከቤት ኪራይ ሲተርፍ (ሲተርፍ ነው እንግዲህ!) እዚያ ጨርቅ ላይ ይቀራል።

አንድ ቀን ከሳንቲሞቹ መካከል አንዲት ቡናማ ስሙኒ አንሥቶ ሰጠኝ።

«ጋሼ፣ ይችን ይውሰዷት። ጥርሷ የረገፈ ስለሆነች በመቶ ብር እሰጥዎታለሁ።»

ተቀበልኳትና አገላበጥኳት። በአንድ በኩል የንጉሠ ነገሥቱ ምስል፣ በሌላው በኩል የይሁዳ አንበሳ ነው። ዓመተ ምሕረቷ 1936 ነው። አብዛኛው ሰው የሚያውቃት የዚያ ዘመን ስሙኒ ዙሪያዋ እንደ አበባ የተከረከመ ነው። ይህች ግን ድፍን ክብ ናት።

«ምን ሆና ነው፣ ጋሼ? ሞርደዋት ነው ወይስ አርጅታ?» አለኝ።

«እንጃ» አልኩት። መቶ ብሬን ከፍዬ ሄድኩ።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያች «እንጃ» ነው። አንባቢ ፍርድ ይሰጥ ዘንድ ግን አስቀድሞ ነገሩን ማወቅ ይገባዋል።

የሳንቲም ሰብሳቢ የመጀመሪያ ትምህርቱ ስህተትን ከጉዳት መለየት ነው። ስህተት የሚባለው ሳንቲሙ ገና ከማተሚያው ሳይወጣ የደረሰበት ነው፤ የብረት ማኅተሙ ከመሃል ሸሽቶ ያረፈበት፣ ምስሉ ሁለት ጊዜ የተመታበት፣ ወይም ጥፍጥፉ ሲቆረጥ ጎኑ ተገምጦ የቀረበት ነው። ጉዳት ግን ሰው እጅ ከገባ በኋላ የመጣ ነው፤ ለአንገት ጌጥ ተብሎ የተበሳ፣ ማንጠልጠያ የተበየደበት፣ በሞረድ የተፋቀ። ሁለቱን ለመለየት አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ማኅተሙ ሲሰነጠቅ የሳንቲሙ ብረት ወደ ስንጥቁ ስለሚገባ፣ በሳንቲሙ ላይ የሚታየው መስመር ከፍ ያለ ነው። ጭረት ግን ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል።

ስህተት የሚመስል ስህተት ያልሆነም አለ። በፓሪስ በተመቱት የዳግማዊ ምኒልክ ብሮች ላይ አንበሳው በ1887ቱ ግራ እግሩን፣ በ1892ቱ ደግሞ ቀኝ እግሩን አንሥቶ ይታያል። ጀማሪ «ተሳስተው ነው» ይላል፤ ነገሩ ግን የማኅተም ለውጥ ነው። ማሪያ ቴሬዛም እ.ኤ.አ. በ1780 አረፈች፤ ጠገራዋ ግን ያንኑ 1780 እንደያዘ በልዩ ልዩ አገሮች ከመቶ ዓመት በላይ ሲመታ ኖረ። አባቶቻችን ይህንን ስለሚያውቁ ዓመቱን ትተው በንግሥቲቱ ራስ ጌጥ ላይ ያሉትን ሉሎች ቆጥረው ይቀበሉ ነበር።

ይዞታን መመዘን ደግሞ ሌላ ጥበብ ነው። ሳንቲም መጀመሪያ የሚያልቀው ከፍ ብሎ ከቆመው ቦታው ነው፤ ከንጉሡ ጉንጭ፣ ከአንበሳው ጭን። አሜሪካዊው ዊልያም ሼልደን እ.ኤ.አ. በ1949 ከ1 እስከ 70 የሚደርስ መለኪያ አውጥቶ፣ ዛሬ ብዙ የዓለም ሰብሳቢ በእሱ ይመዝናል። በዚህ ሚዛን ከሚወድቁት አንዱ በአመድና በሎሚ ተፈትጎ የሚያብረቀርቀው ሳንቲም ነው። እናቶቻችን በቅንነት ያጠቡት ሳንቲም፣ ብርሃን ሲያርፍበት እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጭረቶች ይታዩበታል፤ ዋጋውም ይወርዳል። ዕድሜ ያለበሰው ጥቁረት ሲሆን ያስከብረዋል።

ወደ ስሙኒዋ ልመለስ። ዓመተ ምሕረቷ 1936 የሆነችው የመዳብ ስሙኒ መጀመሪያ ድፍን ክብ ነበረች። ከብር የተሠራው ሽልንግ በመጠን ይቀራረባት ስለነበር፣ አንዷ ለሌላው ታልፍ ጀመር፤ ላይዋን በብር ለለበጠማ ስሙኒ በአንድ ጊዜ ሽልንግ ሆነች ማለት ነው። ስለዚህ ክቧ ከገበያ ተሰበሰበችና ዙሪያዋ ተከርክሞ ተመለሰች፤ ዐይኑ የደከመ ሰው እንኳ በጣቱ ዳስሶ እንዲለያት። እንግዲህ ጥርስ ያላት የኋለኛዋ ናት። ጥርስ የሌላት ከመሰብሰብ ያመለጠች፣ በሰብሳቢ ዘንድ የበለጠ የምትፈለግ ናት። ጥርሷ ተሞርዶ ቢሆን ኖሮ መጠኗ ያንሳል፣ በጠርዟ ዙሪያ ከፍ ብሎ የሚዞረው ክፈፍም ይጠፋ ነበር። የያዝኳት ስሙኒ ክፈፍ ግን ሙሉ ነበር። ይህን ሁሉ ያየሁት ወጣቱ «ምን ሆና ነው?» ብሎ ሳይጨርስ ነው።

ታዲያ በደልኩት? ራሴን ለማጽናናት ብዙ ብያለሁ። ዋጋውን የጠራ እሱ ነው፤ አልተከራከርኩትም። እውቀቴን ያገኘሁት ዓመታት ደክሜ ነው፤ በነፃ የማደል ግዴታ የለብኝም። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል፤ ከመናገር ደግሞ ስሙኒ ይቀራል።

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ሰው ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ፣ አንድ ሰው ወርቅ ይዞ ናስ የሸጠ ቢመስለው ደግ ሰው ይነግረዋል ወይስ የሺውን በአንድ ዲናር ይገዛል? ብሎ ጠይቋል። በዚህ ዓይነቱ ነገር ሁለት ፈላስፎችን ያከራክራል። ዲዮጋንስ «ያልተናገሩት ሁሉ የተደበቀ አይደለም» ባይ ነው። አንቲጳጥሮስ ግን ሰው ለሰው የተፈጠረ ነውና የሚጠቅመውን እያወቁ መሸሸግ በደል ነው ይላል። የሲሴሮ ልብ ከሁለተኛው ጋር ነው።

እኔ የዲዮጋንስ ክርክር ፈጽሞ ባዶ ነው አልልም። ገዥ ሁሉ የሚያውቀውን ሁሉ ቢለፈልፍ ገበያ አይቆምም። ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ነጋዴ የተበየደ ብር ደህና ነው ብሎ ቢሸጥልን «ሌባ» እንለዋለን። ገዥ ደህናውን «የተበላሸ ነው» አስብሎ ሲገዛ ግን «አራዳ» ይባላል። ጉድለትን መደበቅ ሌብነት ከሆነ፣ ደህንነትን መደበቅ በምን ሥራው ብልጠት ሆነ? ልዩነቱ የተጎዳው ማን እንደሆነ ብቻ ነው፤ ያኛው እኛን፣ ይኼኛው ሌላውን።

ደግሞም እኔ ዝም አላልኩም። ዝም ብል ዲዮጋንስ ይሟገትልኝ ነበር። ወጣቱ ጠየቀኝ፤ እኔም «እንጃ» አልኩ። «እንጃ» አላውቅም ማለት ነው፤ እኔ ግን አውቅ ነበር። ትንሽ ቃል ስለሆነች ውሸት አትመስልም እንጂ ውሸት ናት።

ሁለት ሳምንት ያህል ስሙኒዋን በኪሴ ይዤ ዞርኩ። በመጨረሻ ወደ ጨርቁ ተመልሼ ሁሉንም ነገርኩት። ክፈፉን አሳየሁት፤ በጥፍሩ እየተከተለ ዞረው።

«ያን ቀን ስጠይቅዎት አያውቁም ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ብዙ አልተናገረም። መቶ ብር ቆጥሮ መለሰልኝና ስሙኒዋን ጨርቁ ላይ አስቀመጣት።

«አሁን አንድ ሺህ ብር ናት» አለ።

አንድ ሺህ ብር በኪሴ አልነበረም። በሳምንቱ ሳልፍ ስሙኒዋም አልነበረችም። እውነት ለመናገር ቆጨኝ፤ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል።

ወጣቱ ግን አዲስ ሳንቲም በገባለት ቁጥር ከሩቅ ይጠራኛል። «ይህችስ፣ ጋሼ?» ይለኛል። እኔም መነጽሬን አውጥቼ የማውቀውን እነግረዋለሁ። የማላውቀው ሲሆን ብቻ «እንጃ» እላለሁ።