ተረቱን አትቁረጡበት

እናንተ በሀይሌ ጋርመንት ዙሪያ ልጅ የምታሳድጉ ወላጆች፣ ስሙኝ። የሥዕል መጽሐፍ መግዛታችሁ ደግ ነው። ነገር ግን ልጁን ከመጽሐፉ ጋር ጥግ አስቀምጣችሁ ስልካችሁን የምትነካኩ፣ ማንበብ ሲያምራችሁም «ይከፋዋል» ብላችሁ መራራውን ገጽ የምትዘሉ ከሆነ፣ ልጁን እየበደላችሁት ነው።

የአርሃን ተረት ስንቶቻችሁ ለልጃችሁ ነግራችኋል? የገዛ ከተማችሁ ተረት ነው። ከጉራጌ አገር መጥቶ አዲስ አበባ ያደረ ሎሌ፣ ከባለጸጋ ጌታው ጋር ተወራርዶ ሱሉልታ ተራራ ጫፍ ላይ ያለ እሳት ራቁቱን ያድራል። አንድ ሽማግሌ ከማዶ እሳት ያነድለታል፤ አርሃም ያንን እሳት እያየ ያነጋል። ጌታው ግን «እሳት አይተሃል» ብሎ ይክደዋል። ዳኛውም ለጌታው ይፈርዳል። እውነቱ የወጣው ሽማግሌው የነገረው ኃይሉ የተባለ ሰው በብልሃት ግብዣ ጠርቶ፣ እንግዶቹ የወጡን ሽታ ብቻ ሲታደሉ ነው።

ይህን ተረት ሃሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው በ1950 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ አሳተሙት። በ1994 እ.ኤ.አ. ደግሞ እዚሁ አገር ማጂ ያደገችው አሜሪካዊት ጄን ከርትዝ የሥዕል መጽሐፍ አድርጋ አወጣችው። የአሜሪካ ልጅ ሲያውቀው የእናንተ ልጅ አለማወቁ አያሳፍራችሁም?

የዳኛውን ፍርድ ከዘለላችሁበት ምን ይቀራል? የወጥ ሽታ ቀልድ ብቻ ይቀራል። በሃዋይ ተረትም ማዊ የተባለው ጀግና ሃሌአካላ ተራራ ላይ ወጥቶ ፀሐይን በገመድ የያዛት፣ እናቱ ሂና የቅርፊት ልብሷ ሳይደርቅላት እየመሸባት ነው። የእናትየውን ድካም ካወጣችሁት ጀብዱው ባዶ ጉልበት ነው።

አርሃ ዛሬም በሰፈራችሁ አለ። ከጃንሜዳ በመጣው የአትክልት ገበያ ኬሻ ተሸክሞ ሲያልፍ ታዩታላችሁ። ልጃችሁ በስድስት ዓመቱ ለተረቱ ሎሌ ካልተቆረቆረ፣ በሠላሳ ዓመቱ የቀን ሠራተኛ ምንዳ ሲክድ ማን ሊያቆመው ነው?

ዛሬ ማታ ስልካችሁን አስቀምጡ። መጽሐፍ ያለው መጽሐፉን ይግለጥ፤ የሌለው በቃሉ ያውጋ። «ተረት ተረት» በሉና ልጃችሁ «የመሠረት» እስኪላችሁ ጠብቁ፤ ስልክ መልስ አይጠብቅም፣ እናንተ ግን ጠብቁ። ዳኛው ዘንድ ስትደርሱ አትቸኩሉ። «ለምን ፈረደበት?» ብሎ ቢቆጣ፣ ቢያለቅስም፣ የምታውቁትን መልስ ስጡት እንጂ ገጹን አትግለጡበት።