መሥሪያ ቤት ከስሕተቱ ይማራልን?

ሰው በበደለ ጊዜ የሚጸጸተው በልቡ ነው፤ ያንኑም በደል ዳግመኛ እንዳይሠራ የሚጠብቀው ያው የቈሰለው ልቡ ነው። መሥሪያ ቤት ግን ልብ የለውም። መዝገብ አለው፤ ማኅተም አለው፤ ከላይ እስከ ታች የተሰለፉ ሹማምንት አሉት። ሹማምንቱም ይሾማሉ፥ ይሻራሉ፥ ይሞታሉ፤ ቤቱ ግን ይኖራል። እንግዲህ ብዙ ሺህ ሰው የሚሠራበት ቤት ባጠፋ ጊዜ ተጸጸተ የሚባለው ማነው? ተማረ የሚባለውስ ማነው?

ሙሴ ከጥዋት እስከ ማታ ለብቻው ተቀምጦ ሕዝቡን ሲዳኝ አማቱ ዮቶር አይቶ የመከረው ምክር በኦሪት ዘፀአት በ18ኛው ምዕራፍ ይገኛል። ይኸውም የሺህ፥ የመቶ፥ የአምሳና የዐሥር አለቆች እንዲሾሙ፥ ቀላሉን ነገር እነርሱ እንዲጨርሱት፥ የከበደው ብቻ ወደ ሙሴ እንዲወጣ ነው። ታላላቅ መሥሪያ ቤቶች እስከ ዛሬ የሚሠሩት በዚሁ መሰላል ነው፤ ያለዚህም ሥራ አይሠራም። ነገር ግን ይህ ከባድ ነው፥ ያ ቀላል ነው ብሎ የሚለየው የታችኛው አለቃ ነው። እርሱ ቀላል ያለው ነገር ወደ ላይ አይወጣም፤ የላይኛውም እንዳልወጣ እንኳ አያውቅም።

የዚህን ነገር ክብደት የአሜሪካ የጠፈር ምርምር መሥሪያ ቤት፥ ናሳ የሚባለው፥ በ14 ሰዎች ሞት አሳይቶታል። በጥር 20 ቀን 1978 ዓ.ም. ቻሌንጀር የተባለችው መንኮራኩር ከፍሎሪዳ በተነሣች በ73ኛው ሴኮንድ በአየር ላይ ተበታተነች፤ በውስጧም የነበሩት ሰባት ሰዎች፥ አንዲት የትምህርት ቤት መምህርትም ጭምር፥ ሁሉም ሞቱ። ምክንያቱ የሮኬቱን ክፍሎች መጋጠሚያ የሚደፍን የጎማ ቀለበት ነበረ። ጎማው በብርድ ስለሚደነድን የጋለው ጋዝ ሾልኮ ወጣ።

ይህ ቀለበት በጋዝ መበላቱ ከ1974 ዓ.ም. በረራ ጀምሮ ታውቆ ነበር። መንኮራኩሩ በደኅና በተመለሰ ቍጥር ግን ትናንት ያስደነገጠው ነገር ዛሬ የተለመደ ሆነ፤ ከነገ ወዲያም እንደ ደንብ ተቈጠረ። በደኅና መመለስ የዕድል ሥራ ሊሆን እንደሚችል ማን ያስብ? ከመነሣቱ በፊት በነበረው ሌሊት ሮኬቱን የሠራው ኩባንያ መሐንዲሶች ብርዱ ጸንቷልና አይነሣ ብለው በቴሌፎን ተከራከሩ። የኩባንያው አለቆች አስቀድመው ከመሐንዲሶቹ ጋር ተስማምተው ሳለ የናሳ ሹማምንት ቢጫኑአቸው ቃላቸውን ለወጡ። የሚያሳዝነውም ክርክሩ የተገለበጠ መሆኑ ነው፤ መንኮራኩሩ በደኅና እንደሚበርር አስረዱ ሊባሉ ሲገባ፥ መሐንዲሶቹ እንደሚወድቅ አስረዱ ተባሉ። እንዲነሣ የመጨረሻውን ትእዛዝ የሰጡት ታላላቅ ሹማምንትም እንዲህ ያለ ክርክር መደረጉን አልሰሙም ነበር። ነገሩ ከመሰላሉ እርከን ላይ ቀላል ተብሎ ቀርቷልና።

ከመርማሪዎቹ አንዱ የነበረው የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ፋይንማን የዚያን ጎማ ቍራጭ በሸንጎ ፊት በበረዶ ውሃ ነክሮ መደንደኑን አሳየ። ከዚህ የበለጠ የሚያስደነግጠው ግን ሌላ ያገኘው ነገር ነው፤ የአደጋውን ዕድል ሹማምንቱ ከ100,000 አንድ ነው ሲሉ፥ ከመሐንዲሶቹ ብዙዎች ከ100 አንድ ገደማ ነው ይሉ ነበር። በአንድ ጣራ ሥር የሚኖሩ ሰዎች በሺህ እጥፍ ተለያይተው ሳለ ሥራው ያለ ጠብ ይሄድ ነበር።

ሹማምንት ተለወጡ፤ ቀለበቱ ተሻሻለ፤ የደኅንነት ጠባቂ ክፍል ተቋቋመ። ነገር ግን በጥር 24 ቀን 1995 ዓ.ም. ኮሎምቢያ የተባለችው ሌላዋ መንኮራኩር ወደ ምድር ስትመለስ ተበታትና ሌሎች ሰባት ሰዎች ሞቱ። ስትነሣ ከነዳጅ ታንኩ የወደቀ የአረፋ ቍራጭ ግራ ክንፏን መትቶ ነበረ። አረፋ መውደቁም እንደ ቀለበቱ ከብዙ በረራ ጀምሮ የታወቀና የተለመደ ነበር። መሐንዲሶች የክንፉ ፎቶግራፍ ከሩቅ ይነሣልን ብለው ለመኑ፤ አስፈላጊነቱን አስረዱ ተባሉ፤ ፎቶግራፉም አልተነሣም። በነሐሴ ወር የወጣው የምርመራ ጽሑፍ የቻሌንጀር ጥፋት እንደ ተደገመ ገለጸ። ቤቱ ስለ ጎማ ተምሮ ነበር፤ ስለ ራሱ ግን አልተማረም።

ዳያን ቮን የተባለች የሶሲዮሎጂ ሊቅ በ1988 ዓ.ም. ባሳተመችው መጽሐፍ በቻሌንጀር ነገር ሕግ የጣሰ ወንጀለኛ ብንፈልግ አናገኝም፤ ሁሉም ደንባቸውን ጠብቀው አጠፉ ብላለች። ይህ አሳብ እውነት ነው፤ ነገር ግን ለሹም እጅግ የሚመች እውነት ነው። ደንብ የጠበቀ ሁሉ ንጹሕ ከሆነ፥ የ14ቱ ሰዎች ደም በማንም ላይ ሳይሆን በመዝገብ ላይ ይቀራል ማለት ነው። ታችኛው ሰው እንዲናገር ያልጠየቀ አለቃ አላወቅሁም ቢል፥ አለማወቁ ራሱ የእጁ ሥራ አይደለምን?

የሚያስገርመው ይኸው ናሳ ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ ለአውሮፕላን ነጂዎች አንድ መዝገብ ይጠብቅ ነበር፤ ዛሬም ይጠብቃል። ነጂው ሳያስብ ያጠፋውን ጥፋት በ10 ቀን ውስጥ ቢጽፍ፥ ወንጀልና አደጋ ከሌለበት፥ ስሙ ተፍቆ ጽሑፉ ለትምህርት ይሆናል፤ ቅጣትም ይቀርለታል። የንስሓን ነገር የሚያውቅ ካህን ይህን ሥርዓት ለማስተዋል አይቸገርም። ሰው የሚናዘዘው የተናገረው ነገር ለመዳኛው እንጂ ለመያዣው እንዳይሆን ባመነ ጊዜ ነው። ናሳ ግን ለሌሎች የከፈተውን ይህን ደጅ ለገዛ መሐንዲሶቹ በዚያው ልክ አልከፈተም ነበር።

በሐምሌ 19 ቀን 1997 ዓ.ም. ዲስከቨሪ የተባለችው መንኮራኩር ስትነሣ ከታንኩ ዳግመኛ አረፋ ወደቀ፤ እርሷን ግን ሳይነካ አለፈ። ሰዎቹም በደኅና ተመለሱ። በቀድሞው ልማድ ቢሆን ይህ በደኅና መመለስ እንደ ማስረጃ ተቈጥሮ ሌላይቱ በቶሎ ትነሣ ነበር። በዚህ ጊዜ ግን እስከ ሰኔ 27 ቀን 1998 ዓ.ም. ድረስ ምንም መንኮራኩር አልተነሣም።