ያፏጩትም ያጨበጨቡትም

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1960 በካን የፊልም ፌስቲቫል የሚኬላንጄሎ አንቶኒዮኒ «ላቬንቱራ» ሲታይ አዳራሹ በሳቅና በፉጨት ታወከ። የፊልሙ ታሪክ አጭር ነው። ጥቂት ባለጸጎች ከሲሲሊ ማዶ ወዳለች ድንጋያማ ደሴት በጀልባ ይሄዳሉ፤ አና የምትባለው ወጣት እዚያ ትጠፋለች። እጮኛዋ ሳንድሮና ጓደኛዋ ክላውዲያ ፍለጋ ይወጣሉ፤ ሲፈልጓት እርስ በርስ ይዋደዳሉ። አና አትገኝም። ትሙት፣ ትኮብልል አይነገረንም። ይባስ ብሎ ፊልሙ ራሱ ቀስ በቀስ ይረሳታል።

በማግስቱ ሮቤርቶ ሮሴሊኒን ጨምሮ በርካታ የፊልም ሰዎችና ሃያስያን ፊልሙን የሚደግፍ መግለጫ ፈረሙ። ዋናውን ሽልማት የፌሊኒ «ላ ዶልቼ ቪታ» ቢወስደውም «ላቬንቱራ» የዳኞች ሽልማት አገኘ። ሁለት ዓመት ቆይቶ የእንግሊዙ «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» መጽሔት ሃያስያንን ጠይቆ የምንጊዜም ምርጥ ፊልሞችን ሲዘረዝር ከ«ሲቲዝን ኬን» ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ።

ይህ ታሪክ ለማስፈራሪያ ሲነገር ኖሯል። ያፏጩት ሰዎች አላዋቂዎች ነበሩ፣ ታሪክም ፈረደባቸው ይባላል። ግን ያ መጽሔት ዝርዝሩን በየአሥር ዓመቱ ያድሳል፤ በ1992 «ላቬንቱራ» ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ አልነበረም። ዳኛው ታሪክ ከሆነ እንግዲህ ዳኛው ራሱ ቃሉን ይለዋውጣል። ጥያቄው ከዚህ ይነሳል፤ ስለ ፊልም የምንሰጠው አስተያየት ትክክል ወይም ስህተት ሊባል የሚችል ነገር ነው? ወይስ አንዱ ወደደ፣ ሌላው ጠላ፣ በቃ?

ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም በ1757 ባሳተመው ድርሰቱ ከ«ዶን ኪሆቴ» ልቦለድ አንድ ታሪክ ይጠቅሳል። የልቦለዱ ገጸ ባሕርይ የሳንቾ ፓንሳ ሁለት ዘመዶች ከአንድ በርሜል ወይን እንዲቀምሱ ይጠየቃሉ። አንደኛው ወይኑ ግሩም ነው፣ ትንሽ ቆዳ ቆዳ ይላል እንጂ ይላል። ሁለተኛው ግሩምስ ነው፣ ግን ብረት ብረት ይላል ይላል። የሰፈሩ ሰው ሳቀባቸው። በርሜሉ ተንጠፍጥፎ ሲያልቅ ከሥሩ በቆዳ ማሰሪያ የታሰረ አሮጌ ቁልፍ ተገኘ። ሂዩም ሊል የፈለገው ግልጽ ነው፤ የሰለጠነ ምላስ የሚቀምሰው በወይኑ ውስጥ በእርግጥ ያለውን ነገር ነው። የሳቁት ሰዎች ጣዕሙን ስላላወቁት ጣዕሙ የለም ማለት አይደለም።

ጀርመናዊው ካንት ደግሞ በ1790 ነገሩን በሌላ በኩል ያዘው። አንድ ሰው ይህ ወይን ይጥመኛል ቢል ማንም አይሞግተውም። ውብ ነው ካለ ግን ሌላውም እንዲስማማ እየጠየቀ ነው፤ ይሁን እንጂ በማስረጃ ሊያስገድደው አይችልም። ከፌስቲቫል አዳራሽ ደጃፍ የሚነሳው ሙግት ሁሉ ካንት እንዳለው ነው። ጉዳዩ የግል ጣዕም ብቻ ቢሆን ኖሮ የማይተዋወቁ ሰዎች መንገድ ላይ ቆመው እስኪመሽ አይከራከሩም ነበር።

ችግሩ ፊልም በርሜል አለመሆኑ ነው፤ ተንጠፍጥፎ ቁልፉ አይወጣለትም። ቢሆንም አንዳንዴ ቁልፉን የሚያህል ነገር ይገኛል።

የሕንዱ ሳትያጂት ራይ «ፓተር ፓንቻሊ» በ1956 እዚያው ካን ላይ የተሸለመው «ምርጥ ሰብዓዊ ሰነድ» ተብሎ ነው። በአንድ የቤንጋል መንደር ስለሚኖር ደሃ ቤተሰብ የሚናገር ፊልም ነውና ምስጋናው ተገቢ ይመስላል። ከሰነድ የሚጠበቀው እውነቱን እንደ ወረደ ማቅረብ ነው። አሁን ፊልሙ ውስጥ ያለችውን አንዲት ትዕይንት እንመልከት። እህትና ወንድም፣ ዱርጋና አፑ፣ ነጭ አበባ ባወጣ ረጅም ሣር መሐል ሮጠው የሚያልፍ ባቡር ያያሉ። ራይ በማስታወቂያ ድርጅት ተቀጥሮ ስለሚሠራ የሚቀርጸው በእረፍት ቀኑ ነበር። የትዕይንቱን ከፊል ቀርጾ በሳምንቱ ሲመለስ አበባውን ከብት ግጦታል። ራይ ምን አደረገ? ቀሪውን ለመቅረጽ አበባው ዳግመኛ እስኪወጣ፣ እስከ ቀጣዩ ወቅት ጠበቀ።

ሰነድ አዘጋጅ ቢሆን ኖሮ የተጋጠውን ሜዳ ይቀርጽ ነበር፤ የመንደሩ እውነት ያ ነበርና። ራይ ግን የፈለገው ነጩ አበባ በጥቁሩ ጭስ ሥር ሲወዛወዝ እንዲታይ ነው። ስለዚህ ያንን ፊልም ሰነድ ብቻ ብሎ ማወደስ ስህተት ነው ማለት ይቻላል፤ ስህተቱም ጣት ተቀስሮ የሚታይ ነው። ውዳሴም ሊሳሳት ይችላል።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ1980 በ«ማዘር ኢንዲያ» ዝነኛ የሆነችውና የፓርላማ አባል የነበረችው ተዋናይት ናርጊስ፣ ራይ የሕንድን ድህነት ለምዕራባውያን ይሸጣል ስትል ከሰሰችው። ሲታይ ይህ ክስ የካን ሽልማት ተቃራኒ ነው። በእኔ እይታ ግን ሁለቱም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። የውጭው ሰው ስለ አገሩ ስላሳወቀኝ አመሰግናለሁ ይላል፤ የአገሩ ሰው ስለ አገሬ ስላሳበቀብኝ ተቀይሜያለሁ ይላል። ሁለቱም ፊልሙን የቆጠሩት እንደ ወሬ ነጋሪ ነው። ሣሩን ያየው የለም።

ይህ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2008 በቬኒስ፣ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 በካን ሲታዩ ፈረንጁ ስለ ኢትዮጵያ ምን ተማርኩ ማለቱ፣ እኛም ገጽታችን ምን ሆነ ማለታችን አይቀሬ ነበር። «ላምብ» ውስጥ ኤፍሬም የሚባል እናት የሌለው ልጅ አባቱ ዘመድ ዘንድ ትቶት ይሄዳል። ልጁ ወጥ መሥራት ይችልበታል፤ አጎቱ ግን ወንድ ልጅ ጓዳ ሲገባ ማየት ያሳፍረዋል። የግርጌ ጽሑፍ እያነበበ የሚያይ ሰው አጎቱን ጨካኝ ብሎ ሊያልፈው ይችላል። አማርኛ ተናጋሪው ግን የዚያ እፍረት ክብደት ሳይነገረው ይገባዋል፤ ከጭካኔው ሥር ያለውን የሰው ምን ይለኛል ፍርሃት ያያል። ይህ ማንም የማይነጥቀን ብልጫ ነው። እነሱ ምን ይሉን ይሆን እያልን ካየነው ግን ያንኑ ብልጫ ጥለን ፊልሙን በተበደረ ዓይን እናየዋለን። አጎቱን የሚያስጨንቀው ፍርሃትና ገጽታችን የምንለው ነገር ያው አንድ መሆናቸውም ያመልጠናል።

ስለዚህ አስተያየትን የምመዝነው ከሽልማቱ ወይም ከመጽሔቱ ዝርዝር ጋር በመስማማቱ አይደለም። ሽልማት ጥቂት ሰዎች በር ዘግተው የደረሱበት ስምምነት ነው፤ ዝርዝሩም ይለዋወጣል። አስተያየት ዋጋ የሚኖረው ሌላ ሰው ሄዶ ሊያረጋግጠው የሚችለውን ነገር ሲያሳይ ነው። ፍርዱ ቢሻር እንኳ የታየው ነገር አይሻርም።

በዚህ ሚዛን የካን ፉጨት ሌላ መልክ ይይዛል። ያፏጩት ሰዎች አላዩም ማለት አይቻልም። ፊልሙ ለጠፋችው ሴት መልስ ነስቷል፣ ትዕይንቶቹን ከልክ በላይ አርዝሟል፣ ብሎም አናን ረስቷታል፤ ይህ ሁሉ ያናደዳቸው በትክክል ስላዩት ነው። ያጨበጨቡትም ያዩት ይህንኑ ነው። ልዩነታቸው ባዩት ነገር ሳይሆን ከዚያ በደረሱበት ፍርድ ላይ ነው፤ አንዱ ወገን መርሳቱን እንደ ጉድለት ቆጠረው፣ ሌላው የፊልሙ ርዕሰ ጉዳይ ራሱ መርሳት መሆኑ ገባው። ሁለተኛው ወገን ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ የፊልሙን የመጨረሻ ግማሽ የሚያስረዳው እሱ ነውና። ግን የሚያናድድ ነገር መኖሩን ጮሆ የተናገረው የመጀመሪያው ነው፤ ፉጨቱ ባይኖር መግለጫውም አይፈረምም ነበር።

ለፌስቲቫል የሚከፋው እንግዲህ ፉጨት አይደለም። በቀን ሦስት አራት ፊልም ከኢራን እስከ አርጀንቲና አይቶ ሁሉንም አሪፍ ነው ወይም ይከብዳል ብሎ የሚያልፍ ተመልካች ነው የሚከፋው፤ እሱን ማንም ሊያርመው አይችልም፣ እሱም ማንንም አያርምም። መድኃኒቱ አንድ አጭር ጥያቄ ነው፤ «የቱ ጋ?» መልስ ያለው ሰው፣ ወደደም ጠላ፣ ፊልሙን አይቶታል።