ፍጹም ድህነት ምንድር ነው?

አንባቢ ሆይ፤ ቅዳሜ ቀን በጂንካ ገበያ ቆመህ የሚመጣውንና የሚሄደውን ሕዝብ ተመልከት። ሐመሩ በወገቡ ጥቂት ጨርቅ ታጥቆ ትንሿን በርጩማውን በእጁ ይዞ ይመጣል፤ የከተማው ሰው ደግሞ ኮት ለብሶ ጫማ ተጫምቶ ይዞራል። ከሁለቱ ድኻው ማን ነው ተብለህ ብትጠየቅ ዓይንህ ፈጥኖ በሐመሩ ላይ ይፈርዳል። ነገር ግን ያ ሰው በቤቱ የማሽላ ጎተራ፣ በመስኩም ከብትና ፍየል ይኖረው ይሆናል፤ ኮት የለበሰውም ከትናንት ጀምሮ እህል ያልቀመሰ ይሆናል። እንግዲህ ዓይን ብቻውን እውነተኛ ዳኛ እንዳይደለ ከዚህ እናስተውል።

የሰውን ማኅበር ኑሮ የሚመረምሩ ሊቃውንት ድህነትን በሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው አንጻራዊ ድህነት ነው፤ ይህም የሰው ኑሮ ከጎረቤቶቹ ኑሮ ጋር ሲመዘን የሚታይ ማነስ ነው። ሁለተኛው ፍጹም ድህነት ነው፤ ይህም ከማንም ጋር ሳይነጻጸር ለሕይወት የግድ የሚያስፈልገውን ማጣት ነው። እንግሊዛዊው ሲቦም ራውንትሪ የዮርክን ከተማ መርምሮ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1901 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ገቢያቸው ለሥጋ ጤንነት እንኳ የማይበቃውን ቤተ ሰቦች ለይቶ ቈጠረ። በ1987 ዓ.ም. በኮፐንሃገን የተሰበሰቡ መንግሥታትም ፍጹም ድህነት ማለት ምግብን፣ ንጹሕ ውሃን፣ መጸዳጃን፣ ጤናን፣ መጠለያን፣ ትምህርትንና መረጃን እጅግ ማጣት ነው ብለው ተስማሙ። በአገራችን መለኪያው የተመሠረተው አንድ አዋቂ ሰው በቀን በሚያስፈልገው 2,200 ካሎሪ ምግብ ላይ ነው፤ በዚህም መለኪያ በ2008 ዓ.ም. ከመቶው ሕዝብ 23.5 ያህሉ ከመስመሩ በታች ሆኖ ተገኘ።

ይህ ሚዛን መልካም ነው፤ ነገር ግን ሰው ወደ ድህነት እንዴት እንደ ወረደ አይነግረንም። የኦሞን ወንዝ ነገር አስብ። ወንዙ በየዓመቱ ሞልቶ ዳርቻውን ያለብስ ነበር፤ ውሃው ሲሸሽ ሙርሲው፣ ካራውና ዳሰነቹ በቀረው ርጥብ አፈር ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር። በእጃቸው ብዙ ገንዘብ ባይገኝም ጎተራ ነበራቸው። በእርግጥ ሙላቱ አንዳንድ ጊዜ ገዳይ ነበር፤ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. በዳሰነች አገር ከ300 የሚበልጡ ሰዎችን አጥፍቷል። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የግልገል ጊቤ ሦስተኛ ግድብ ወንዙን ከያዘው በኋላ ግን በወቅቱ መጥቶ በወቅቱ የሚሸሸው ሙላት ቀረ። የግድቡ መብራት ለብዙ ከተማ ጠቀመ፤ በወንዙ ዳር ግን ስንፍና ያልተገኘበት ገበሬ እርሻውን አጣ፤ ብዙውም የእርዳታ እህል ጠባቂ ሆነ።

ምናልባት «ድኻ የሚሆን ሰነፍ ብቻ ነው» የሚል ቢኖር ይህን ገበሬ ይጠይቀው።

ስለዚህ ወንድሜ ሆይ፤ ከሁለት ስሕተት እንጠበቅ። አንደኛው፣ ኑሮው ከኛ ኑሮ ስለ ተለየ ብቻ የጠገበውን ሰው ድኻ ብሎ መናቅ ነው። ሁለተኛውም ከዚህ ይከፋል፤ የተራበውን ሰው አይቶ «ልማዳቸው ነው፤ እንዲህ መኖርን ያውቁበታል» ብሎ ማለፍ ነው። ረኃብ የማንም ሕዝብ ልማድ አይደለም። በመብራቱ የምናነብ ሰዎች ወንዙ ለራቀበት ገበሬ የምንሰጠው ሁሉ የዕዳ ክፍያ ነውና ምጽዋት ብለን አንመካበት።