ማይልና ማዕረግ

ከሆሳዕና፣ ከሾኔ፣ ከዱራሜና ከሺንሺቾ ወጥተው በደቡብ አፍሪካ ከተሞች ዳርቻ ሱቅ ከፍተው የሚኖሩ ወንድሞቻችን፣ የመኖሪያ ወረቀታቸው ከተቃናላቸውና ንግዳቸው ሥር ከሰደደ በኋላ በጆሃንስበርግና በአዲስ አበባ መካከል ሲመላለሱ፣ ሳያስቡት አንድ አዲስ ዓይነት ሀብት ያጠራቅማሉ፤ እርሱም በኢትዮጵያ አየር መንገድ የሸባ ማይልስ መዝገብ በየስማቸው የሚቈጠረው ማይል ነው። ይህ ሀብት እንደ ከብት አይነዳም፣ እንደ መሬት አይታረስም፣ እንደ ራንድም አይመነዘርም፤ ነገር ግን እየበዛ በሄደ ጊዜ ባለቤቱን ከአንድ ጥያቄ ፊት ያቆመዋል፤ ይኸውም ከመጋረጃው ወዲያ፣ ወንበሩ ተዘርግቶ አልጋ በሚሆንበት ክፍል፣ በዕድሜው አንድ ጊዜ ራሱ ሊንፈላሰስበት ይገባዋልን፣ ወይስ በዚያው ማይል በተራው ወንበር ቤተ ዘመዱን ሊያሳፍርበት ይገባዋል የሚለው ነው።

በጅቡቲ ባቡር ዘመን አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ማዕረግ እየተባለ ይቈረጥ የነበረው ቲኬት በአውሮፕላን ላይ ስሙን ለውጧል። አየር መንገዳችን አንደኛ ማዕረግ የሚባል ክፍል የለውም፤ ከፍተኛው ክላውድ ናይን ብሎ የሰየመው የቢዝነስ ክፍል ነው፤ ከዚህ የበለጠውን የሚሻ ሰው አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. በ2011 ከተቀላቀለው ከስታር አሊያንስ ማኅበርተኞች፣ እንደ ሉፍታንዛና እንደ ሲንጋፖር ካሉት ዘንድ ይፈልግ። ለያዝነው ጥያቄ ግን ልዩነቱ የወርድና የቁመት እንጂ የባሕርይ አይደለም።

አስቀድሞ ማይል ራሱ ምን እንደ ሆነ መመርመር ይገባል። አሜሪካን ኤርላይንስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 ሥርዓቱን በሰፊው ካቋቋመ ወዲህ ሌሎቹ ሁሉ የተከተሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አውሮፕላን ከምድር ሲነሣ ባዶ የቀረ ወንበር ዋጋው ተመልሶ አይገኝምና፣ ያንን ወንበር በስጦታ ስም መስጠት ለሰጪው እምብዛም አይከብደውም፣ ተቀባዩን ግን ወደ ሌላ ደጅ እንዳይሄድ በምስጋና ያስረዋል። ማይሉን የሚጽፈው፣ ለየትኛው ወንበር ምን ያህል እንደሚጠየቅ የሚወስነው፣ ተመኑን ሲፈቅድ ከፍ የሚያደርገውም ያው ኩባንያ ነው፤ ስለዚህ ማይሌን ሳልነካ አከማቸሁ ብሎ በቍጠባው የሚመካ ሰው፣ በምድረ በዳ መናን ለነገ ያሳደሩት የእስራኤል ልጆች በማግስቱ ምን እንዳገኙ ያስታውስ። ከማይል ጋር ቍጠባ የሚባለው ትሩፋት አብሮ አይኖርም፤ ያለው ሥራ ላይ መዋል ወይም መበላሸት ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚነሣው ክርክር ይበረታል። ሆሳዕና ከተማችን ስሟን የወሰደችበት በዓል በዮሐንስ ወንጌል ከመተረኩ በፊት፣ በቢታንያ ቤት ማርያም የከበረ ሽቱ በጌታ እግር ላይ ባፈሰሰች ጊዜ፣ ይህ ሽቱ በሦስት መቶ ዲናር ተሽጦ ለድሆች ስለ ምን አልተሰጠም ያለው ይሁዳ ነበር። ወንጌላዊው ይሁዳ ሌባ እንደ ነበረ ይነግረናል፤ የተናጋሪው ሌብነት ግን የቃሉን ክብደት አያስቀርም፤ ይህንኑ ቃል በሐዲያና በከምባታ ቤቶች ሁሉ፣ ለታናሽ ወንድሙ የትምህርት ክፍያ፣ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ፣ ለጎረቤት ሕክምና ከባሕር ማዶ ገንዘብ በሚጠበቅበት ደጅ፣ ሌቦች ያልሆኑ ሰዎች በየቀኑ ይናገሩታል። ነገር ግን ሽቱው ይሸጥ ነበር፤ ማይል ግን በኩባንያው ሕግ አይሸጥም፤ የቢዝነሱን ወንበር እምቢ ያለ ነጋዴ በእምቢታው አንድ ቁና ስንዴ ወደ ማንም ቤት አያስገባም፤ ብዙ ጊዜም እንዲህ ያለው እምቢታ ከትሕትና የሚመጣ ሳይሆን የአገር ልጅ ዐይቶ እንዳያማ ከመፍራት ነው።

ይሁን እንጂ እህል የማይሆነው ማይል ሰው ሊሆን ይችላል፤ በብዙ አየር መንገዶች ሥርዓት ባለቤቱ በማይሉ ለሌላ ሰው ቲኬት ማስቈረጥ ይፈቀድለታልና። እንግዲህ ይሁዳ በአንድ በር ወጥቶ በሌላው ተመልሷል ማለት ነው፤ ክርክሩም በአንድ ሰው አልጋና በሌላ ሰው ወንበር መካከል ሆነ።

ለአልጋው ሊባል የሚቻለውን ሁሉ ላለመንፈግ፣ ይህ ነጋዴ መጀመሪያ ወደ ደቡብ የወረደበትን መንገድ ማሰብ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ የሄዱት በሞያሌ አድርገው፣ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊንና ሞዛምቢክን በሌሊት እየተሻገሩ፣ ከጭነት በታች ተጋድመው፣ ከደላላ እጅ ወደ ደላላ እጅ እየተላለፉ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ በተባለው ክፍለ ሀገር አንድ የጭነት መኪና ሲፈተሽ፣ በኮንቴይነሩ ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን አየር አጥሯቸው ሞተው ተገኙ፤ በሕይወት የወጡት 14 ብቻ ነበሩ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን ማላዊ ምዚምባ በሚገኝ ጫካ፣ ኢትዮጵያውያን ሳይሆኑ አይቀሩም የተባሉ ሰዎች በአንድ ጉድጓድ ተቀብረው ተገኙ። ያ ሁሉ ርቀት በማንም መዝገብ ላይ ማይል ተብሎ አልተጻፈም፤ መዝገቡ የሚከፈተው ሰው ቲኬት ሊገዛ ከቻለበት ቀን ጀምሮ ነውና፣ ዛሬ በ5 ሰዓት በረራ የሚፈጸመው መንገድ ሲቈጠርለት፣ በወራት የፈጸመው መንገድ እንዳልነበረ ሆኖ ይቀራል። በኮንቴይነር ታጥፎ የሄደ ጀርባ አንድ ጊዜ ተዘርግቶ ቢሄድ፣ ይህን ተድላ ሥጋ ነው ብሎ የሚከስሰው ሰው እኔ አይደለሁም። በዘርዐ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው ሐተታ ሥጋን በከንቱ ማስጨነቅ የፈጣሪ ፈቃድ እንዳልሆነ ተከራክሯል፤ የመጽሐፉ ባለቤት ማን እንደ ሆነ ሊቃውንቱ ቢጣሉበትም ክርክሩ በራሱ እግር ይቆማል።

ነገር ግን ሰውየው የሚመኘው ማረፍን ብቻ እንደ ሆነ እንጠይቀው። በጆሃንስበርግ አየር ማረፊያ ሁለት ሰልፍ አለ፤ በአንደኛው በላስቲክ የተጠቀለሉ ሻንጣዎች፣ ኪሎ ይቀነስልኝ የሚሉ ሰዎች፣ ያንቀላፉ ሕፃናት፤ በሌላው ሁለት ወይም ሦስት ሰው ቆሟል። ወደ አውሮፕላኑ ሲገባም የተራው ወንበር መንገደኛ ብዙ ጊዜ በቢዝነሱ ክፍል መካከል አልፎ ነው፤ የትከሻውን ቦርሳ ሰብስቦ በጠባቡ መተላለፊያ ሲሄድ፣ ቀድመው የተቀመጡት መጠጥ በእጃቸው ይዘው ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ። በዚያ ሰልፍ የሚያልፉት ደግሞ የሐዲያና የከምባታ ልጆች ናቸው፤ የሚተዋወቁ፣ አንዱ የሌላውን አባት የሚያውቁ ናቸው። ከወንበሩ የሚፈለገው በዚህ ሰልፍ ፊት ተቀምጦ መታየት ከሆነ፣ ነገሩ አባቶች ውዳሴ ከንቱ ካሉት ወገን ነው፤ ስሕተቱም ከኃጢአት ይልቅ የሒሳብ ነው። ዕረፍትን ሰው ለራሱ ሊወስድ ይችላል፤ ክብርን ግን ከሌላ እጅ ካልተቀበለ በቀር ሊያገኘው አይችልም፤ አስተናጋጇ በስሙ ጠርታ እንጀራውን ብታቀርብለት፣ በዚያ ወንበር ማንም ቢቀመጥ እንዲሁ ታደርግ ነበር።

ይህን ልዩነት የሐዲያ አባቶች ከእኛ አስቀድመው ያወቁት ይመስለኛል። ቀድሞ ከብቱ መቶ የሞላለት ሰው ማዕረግ ይሰጠው ነበር፤ ነገር ግን ቍጥሩ ስለ ሞላ ብቻ ማዕረጉ በራሱ አይመጣም፤ ሰው ሰብስቦ፣ አርዶ፣ አብልቶና አጠጥቶ፣ የበላው ሕዝብ ራሱ ምስክር ሆኖ ነበር የሚያከብረው። አየር መንገዱም እንዲሁ እየቈጠረ ሲልቨር፣ ጎልድ፣ ፕላቲነም የሚል ካርድ ያድላል፤ የጎደለው ድግሱ ነው፤ ቍጥሩ ማንንም ሳያበላ ማዕረግ ሆነ።

ታዲያ ክብር ለሌላ የሚሰጥ ከሆነ፣ እናቱን በአልጋው ያስተኛት፣ እርሱ ከኋላ ይቀመጥ የሚል መልስ ቶሎ ወደ አፍ ይመጣል፤ ማርያምም ሽቱውን ያፈሰሰችው በራሷ ላይ አልነበረምና። ይህን መልስ ለብዙ ጊዜ ወድጄው ነበር፤ አሁን ግን አልቀበለውም። ሐዲይሳ እንጂ ሌላ ቋንቋ የማይቀናት፣ አውሮፕላን ረግጣ የማታውቅ እናት፣ የወንበሩ ቍልፎች ምን እንደሚያደርጉ ሳታውቅ፣ ልጇ ከመጋረጃ ወዲያ ተለይቷት አምስት ሰዓት ብትሄድ፣ የተሰጣት ክብር ነው ወይስ የልጇ ውዳሴ ከንቱ በእርሷ ስም? ስትመለስ ለጎረቤቶቿ የምትናገረው ወንበሩ አልጋ መሆኑን ሳይሆን ልጇ ባጠገቧ አለመኖሩን ነው። ጐን ለጐን የሆኑ ሁለት ተራ ወንበሮች ለእርሷ ከአንድ አልጋ ይበልጣሉ፤ በአጋጣሚም ሁለቱን ለማስቈረጥ የሚጠየቀው ማይል አንዳንዴ ከአንዱ አልጋ አይበልጥም። አልጋው ግን ጀርባው ለታመመ፣ ዓመት ሙሉ ሱቁ ውስጥ ከባንኮኒው ኋላ ወለል ላይ ለሚተኛ ሰው ይሁን፤ እርሱም ማንንም ይቅርታ ሳይጠይቅ፣ ካስፈለገውም ብርድ ልብሱን እስከ ግንባሩ ስቦ ይተኛበት።

እናቱን ወደ ደቡብ አፍሪካ ይዞ ለመሄድ የወሰነ ሰው ቢኖር ግን ቪዛዋን አስቀድሞ ይጨርስ፤ የሐዲያው ያሆዴና መስቀል በሚከበሩበት በመስከረም ለበዓል የመጣው ሁሉ በአንድ ሰሞን ሲመለስ በማይል የሚሰጡ ወንበሮች ቀድመው ያልቃሉና፣ ሐሳቡን ክረምቱ ሳይወጣ ቢቈርጥ ይሻለዋል።